ቀላል ነው፣ ከፍተን እንየው

እያንዳንዱ ሰፈር አንድ ዕድር፣ አንድ ሱቅና ደህናውን ዕቃ ፈትቶ የሚያበላሽ አንድ ሰው አያጣም። ዕድሩ ሊፈርስ ይችላል፤ ሱቁም ሊዘጋ ይችላል። ሦስተኛው ግን ከነካቻቢቴው አለ። ከሺንሺቾ እስከ ሞርሲቶ ብትዞሩ ይህ ሰው የሌለበት ቀበሌ አታገኙም። «እኛ ጋ የለም» የሚል ካለ ቤቱ ገብቶ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ይፈትሽ፤ ብሎን የጎደለው አይጠፋም።

የእኛው፣ የሆሳዕናው፣ ጋሽ አጵሎስ ይባላሉ። እኔ በልቤ ክቡር ጠቅላይ መሐንዲስ እላቸዋለሁ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የስፖርት መምህር ነበሩ። ስለ ምህንድስና ትምህርታቸው የሚታወቀው ይኸው ብቻ ነው። ዛሬም ቱታቸውን አላወለቁም። ድሮ ፊሽካ ይንጠለጠልበት በነበረው አንገታቸው ላይ አሁን ቴስተር ተንጠልጥሏል፤ ካቻቢቴያቸው ደግሞ በግራ እግር ካልሲያቸው ውስጥ ነው የሚያድረው። ባለቤታቸው ከጓዳ አሥር ጊዜ ቢጣሩ አይሰሙም። ሦስት ግቢ አልፎ አንድ ሰው በሹክሹክታ «አልሠራ አለ» ቢል ግን ከተኙበት ይነሳሉ።

«ቀላል ነው! ከፍተን እንየው» ይላሉ ገና በሩን ሳያልፉ። ምን እንደሆነ አይጠይቁም። ሐኪም እንኳ ከመቅደዱ በፊት «የት ጋ ነው የሚያምህ?» ይላል። እሳቸው ጋ መጀመሪያ መክፈት ነው። ከፍተው ካዩ በኋላ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከዚያ ከሆዱ ውስጥ አንዷን ሽቦ መዘዝ አድርገው ያሳዩሃል። «አየሃት ይቺን? ትርፍ ናት። ለፈረንጅ ብለው ያስገቧት ናት፤ ለኛ አገር አትሆንም።» ሽቦዋ ትቆረጣለች። ዕቃው ተመልሶ ይገጠማል። ሁልጊዜ ብሎን ይተርፋል። የተረፈው ብሎን እሳቸው ቤት ወዳለች አንዲት የዱቄት ወተት ጣሳ ይገባል። ያቺን ጣሳ የሰፈራችን የጋራ መቃብር ልትሏት ትችላላችሁ፤ ከሁላችንም ቤት የሄደ አንድ አንድ አካል አለባት።

የመንገድ ዳሯ ባለሱቅ ከድጃ «ፍሪጄ ድምፅ አበዛ» ብላ አማከረቻቸው። ስህተቷ ማማከሯ ነው። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ፤ ብርዱም አብሮ ጠፋ። እንዲያውም ይሞቅ ጀመር። በዚህ ጥርስ በሚያንገጫግጭ የሆሳዕና ክረምት ለብ ያለ ለስላሳ የሚሸጥበት ሱቅ የእሷ ብቻ ነበር። ጋሽ አጵሎስ በዚህ ማፈር ሲገባቸው ይኮሩበት ነበር። «ጉንፋን የያዘው ሰው ሁሉ እኮ ከእሷ ነው የሚገዛው» ይሉ ነበር።

ሀይደር የሚባለው ባለባጃጅ ደግሞ ጥሩምባው አልጮህ ብሎት ነበር። እሳቸው ከነኩት በኋላ ጮኸ። ወደ ቀኝ በታጠፈ ቁጥር ይጮህ ነበር፤ መሪው እስኪቃና ድረስም ዝም አይልም። ስለዚህ ሀይደር ወደ ቀኝ መታጠፍ እርግፍ አድርጎ ተወ። ከመናኸሪያ ተነስቶ ሆስፒታል ለመድረስ ከተማዋን በግራ በግራ ይዞር ነበር። ተሳፋሪው መነጫነጭ ሲጀምር «ጋሽ አጵሎስ ናቸው» ይለዋል፤ ይህን የሰማ የሰፈራችን ሰው ሁሉ ሐዘኑን ይገልጽለት ነበር።

በቤተ ክርስቲያናችን የሆነውንስ ማን ይረሳዋል? የድምፅ ማጉያው ቢያስቸግር ጋሽ አጵሎስ ቅዳሜ ዕለት ገብተው ከፈቱት፤ እንደ ልማዳቸውም ትርፍ አገኙበት። እሑድ መጋቢያችን «አሁን በጌታ ፊት ለአፍታ ዝም እንበል» አሉ። ጉባኤው ዝም አለ። ማጉያው ግን ከየት እንደሆነ እንጃ የሬዲዮ ጣቢያ ይዞ፣ አንድ የኳስ ተንታኝ ስለ መሀል ሜዳው መሳሳት ሰፊ ማብራሪያ ይሰጥ ጀመር። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ዓይናቸውን እንደጨፈኑ «አሜን!» አሉ። ጋሽ አጵሎስ ከመዘምራኑ አጠገብ ቆመው «ብቻ ድምፁ ጠርቷል» ሲሉ በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ።

የእኔ ካውያስ? ካውያ ሲግል ራሱን ያጠፋል፣ ሲበርድ መልሶ ይሠራል። ይህ በጋሽ አጵሎስ ዘንድ ስንፍና ነው። «መብራቱ የሚመጣው ለአፍታ ነው፤ ካውያው ደግሞ በመሀል ያርፋል። ምን አድክሞት ነው የሚያርፈው?» ብለው የሙቀት መቆጣጠሪያውን ሽቦ ቆረጡና በቀጥታ አገናኙት። እውነትም ከዚያ በኋላ አላረፈም። ለወንድሜ ሠርግ የተሰፋልኝ ሱሪ ጭኑ ላይ የካውያ ቅርጽ ያለው መስኮት ወጥቶለታል። «ጨርቁ ነው» አሉ ክቡርነታቸው፣ ጣታቸውን በመስኮቱ አስገብተው እያዩ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለው እኛ ሰፈር መሆን አለበት።

እንግዲህ ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ የባለቤቴ የሰሎሜ ወንድም ነህምያ ከጆሃንስበርግ ሊጠይቀን ሲመጣ አንድ በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ቦይለር ይዞ መጣ። እኛ አገር ደቡብ አፍሪካ የሄደ ዘመድ የሌለው ሰው ማግኘት ከባድ ነው፤ ተመላሹ ይዞ የሚመጣው ግን ወይ ቴሌቪዥን ነው ወይ ጫማ። ነህምያ ቦይለር ያመጣው እህቱ ነፍሰ ጡር ስለነበረች ነው። «በክረምት ነው የምትወልደው። ማገዶ ይረጥባል፣ መብራት ይጠፋል። እህቴ አራስ ሆና በቀዝቃዛ ውሃ አትታጠብም» አለኝ። እኔም ቃል ገባሁለት። ሰሎሜ እግሯ አብጦ ባልዲ ማንሳት ሲያቅታት ያንኑ ቃል ደጋግሜላታለሁ፤ አንቺ ብቻ በሰላም ተገላገይ፣ ቧንቧውን ስትከፍቺው ሙቅ ውሃ ይወርዳል።

ዕቃውን ከባጃጅ ያወረድኩት በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ነው። መንገድ ላይ ያየኝ ሰው በሽተኛ አቅፌ የገባሁ መስሎት «ጌታ ይማርልህ» አለኝ። «አሜን» አልኩ። ጋሽ አጵሎስ ቦይለር ነው ብለው ከሚጠረጥሩ በሽተኛ ቢባል ይሻለኝ ነበር።

ጴጥሮስ የሚባል ባለሙያ ከሐዋሳ አስመጥቼ መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ አስገጠምኩ። ሲሊንደሩ ደጅ ተቀመጠ፤ የጭስ ማውጫው ቱቦ ግድግዳውን በስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ጴጥሮስ አስረዳኝ። ቧንቧ ሲከፈት የውሃው ግፊት ማሽኑን ይቀሰቅሰዋል፤ ባትሪው ብልጭ ያደርግና ጋዙ ይነዳል። እሳቱን የምትጠብቅ አንዲት ሽቦ አለች። ጭሱ የሚወጣበት ጋ ደግሞ ሌላ ጠባቂ አለች፤ ነገር ካላማራት ጋዙን ትዘጋለች። «እነዚህን ሰው እንዳይነካ» አለኝ። «ማንም አይነካቸውም» አልኩት፣ ወደ ጋሽ አጵሎስ አጥር እያየሁ። ሰሎሜም ሆስፒታል እስክትገባ ድረስ እየዘፈነች ታጠበችበት።

በወለደች ማግስት አማቴ እትዬ ማራኪ ከሌሞ በጋሪ መጡ። ቡላውን፣ ቅቤውን፣ ለአራስ የሚሠራው አታካና የተባለው ምግብ የሚፈልገውን ሁሉ ጭነዋል። ከጋሪው ወርደው ውሃ እንኳ ሳይጠጡ ቤቱን እንደ ጦር አዛዥ ዞረው አዩት። የአራስ ቤት ነፋስ አይገባበትም፤ ይህ ማንም ያላጸደቀው፣ ማንም የማይጥሰው ሕጋችን ነው። የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ፣ የበሩን ሥር በማዳበሪያ ከረጢት፣ የጣሪያውን ክፈፍ በጋዜጣ ወተፉት። በጓሮም ዞረው ከውጭ ቀዳዳ የመሰላቸውን ሁሉ አላለፉትም። «ብርድ ከመታት ዕድሜ ልኳን ነው» አሉኝ። እኔ ወንበሩን ይዤ ተከተልኳቸው። መዋጮዬ ይኸው ነበር።

እናትና ልጅ የሚወጡበት ቀን ጠዋት ውሃውን ልሞክር ገባሁ። ብልጭ አለ፣ ነደደ፣ ሞቀ። ደስ አለኝ። ጥቂት ቆየና ድርግም አለ። እንደገና ከፈትኩ፤ ነደደ፣ ድርግም አለ። ባትሪውን ቀየርኩ። ሲሊንደሩን ነቀነቅኩ። በመጨረሻ እንደማንኛውም የተማረ ሰው በጥፊ መታሁት። ጴጥሮስ ጋ ብደውል ዱራሜ ሥራ ላይ ነው። «ነገ ከሰዓት እደርሳለሁ፤ እስከዚያ እንዳትነኩት» አለ። ሰሎሜ ግን የምትመጣው ዛሬ ነው። መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም። ማገዶው ዝናብ ጠጥቶ አብጧል፤ የቀረችን ከሰል ለአታካናው እንኳ መድረሷ ያጠራጥራል። ለነህምያ የገባሁት ቃል ትዝ አለኝ።

«አልሠራ አለ?» የሚል ድምፅ ከአጥሩ ማዶ መጣ።

መጀመሪያ የቱታው ኮሌታ፣ ቀጥሎ ቴስተሩ፣ ቀጥሎ ክቡርነታቸው ብቅ አሉ።

«በጥፊ ስትመታው ሰማሁ» አሉ። «ያመጣኸው ቀንም አይቼሃለሁ። በሽተኛ እግር ይኖረዋል፤ ከዚያ ብርድ ልብስ ውስጥ የወጣው የቧንቧ ጫፍ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ትጠራኛለህ ብዬ ነዋ» አሉ፣ ቴስተራቸውን በጣታቸው እያዞሩ። «አልጠራኸኝም።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔም በሩን ከፈትኩላቸው። ካቻቢቴው ከካልሲ ወጣ።

«ቀላል ነው! ከፍተን እንየው።»

ክዳኑ ወረደ። ቧንቧውን አስከፈቱኝ፤ ሲነድ አዩ፣ ሲጠፋ አዩ። ደግመው አስከፈቱኝ። እንደዚያ ቀን ብዙ ሰዓት አንድ ዕቃ ሲያዩ አይቻቸው አላውቅም። ከእሳቱ ተነስተው ሽቦዋን በጣታቸው እየተከተሉ ወደ ላይ ወጡ፤ ጭሱ ወደ ቱቦው የሚገባበት ጋ ያለች አንዲት ቁልፍ የምታህል ነገር ላይ ቆሙ።

«ይቺ ናት የምታጠፋው» አሉ። «እነዚህን ሁለት ሽቦዎች ቆርጠን ብናገናኛቸው አያጠፋም።»

ፒንሳውን አወጡ። ሽቦዎቹን በሁለት ጣታቸው መሀል ያዙ። ያንን የለመድኩትን «ትርፍ ናት» ብጠብቅ አልመጣም። በሕይወቴ ከአፌ ይወጣል ብዬ ያላሰብኩት ቃል ያን ጊዜ ወጣ።

«ይቁረጧት!» አልኩ፣ ለጴጥሮስ ያልኩትን ሁሉ ረስቼ።

አልቆረጧትም።

«ጋሽ አጵሎስ፣ ካውያዬን ቆርጠዋል። የከድጃን ፍሪጅ ቆርጠዋል። የቤተ ክርስቲያኑን ማጉያ እንኳ አልማሩም። ዛሬ ነው የሚያቅማሙት? ሰሎሜ እኮ መንገድ ላይ ናት!»

«ካውያ ቢበዛ ሱሪ ያቃጥላል» አሉ። «ይሄ ግን አንድ ነገር አይቶ ነው የሚያጠፋው። ምን እንዳየ አላወቅኩም።»

«ሽቦ ምን ያያል?»

«አላውቅም አልኩህ!» ድምፃቸው ከፍ አለ፤ የድሮው የስፖርት መምህር ድምፅ ነው። «አራስ የምትገባበት ቤት ነው። ሕፃን አለ። የማላውቀውን አልቆርጥም፣ በጌታ!»

በሰፈራችን ታሪክ «አላውቅም» የሚለው ቃል ከእሳቸው አፍ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። አማቴ ሳይቀሩ የቡላውን ዕቃ እንደያዙ ብቅ ብለው «ምን አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ግን ተናድጃለሁ። ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን ማንም ሳይለምናቸው ሲቆርጡ ኖረው፣ የተለመኑ ቀን እምቢ አሉ። ፒንሳውን ከእጃቸው ነጥቄ ራሴ ልቆርጣት ዳዳኝ። ያወቁብኝ መሰለኝ፤ ፒንሳውን ኪሳቸው ከተው ዚፑን ዘጉት። ከዚያ ክዳኑን መልሰው ገጠሙ። ብሎን አልተረፈም። የፈራሁት ያን ጊዜ ነው።

ወጥተው ሄዱ። እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ስረግማቸው ቆየሁ። ብዙም ሳይቆይ ከእሳቸው ጓሮ ጭስ ሲነሳ አየሁ። ለካ ከበጋ ጀምሮ ከቆርቆሮ ሥር ያከማቹት ደረቅ ማገዶ አላቸው፤ ለራሳቸው ቤት ገና አልነኩትም ነበር። ሰሎሜ በሀይደር ባጃጅ በግራ በግራ ዞራ፣ ልጃችንን ታቅፋ ስትደርስ፣ ጋሽ አጵሎስ በዝናብ ውስጥ በካናቴራ ብቻ ሆነው አጥሩን ሲዞሩ አገኘቻቸው። በሁለት እጃቸው ሁለት ጀሪካን ሙቅ ውሃ ይዘዋል። የቱታቸውን ጃኬት ለአንደኛው ጀሪካን አልብሰውታል፤ ሁለተኛው የባለቤታቸውን ፎጣ ለብሷል። «እንዳይበርድ ነው» አሉ። አማቴ ሰሎሜን አጠቡ። እስኪመሽ ድረስ ሰውየው ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ አላውቅም፤ እኔ አኩርፌ ስለነበር አላየሁም ለማለት ሌላ ሌላ ነገር እያየሁ ነበር።

በማግስቱ ጴጥሮስ መጣ። ቧንቧ ከፍቶ ቦይለሩን ለአፍታ አየውና፣ ክዳኑን እንኳ ሳይነካ ወደ ጓሮ ዞረ። ከጭስ ማውጫው ቱቦ አፍ ውስጥ የአማቴን የድሮ ሹራብ እጅጌ ጎትቶ አወጣው። እጅጌው ወጥቶ አላልቅ አለ። «ጭሱ መውጫ ሲያጣ ነው ጋዙን የሚዘጋው» አለ ጴጥሮስ። «ሽቦዋን ቆርጣችሁ ቢሆን ኖሮ እሳቱ ይነድ ነበር። ጭሱ ግን እዚያው መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ይቀር ነበር።» የመታጠቢያ ቤቱን መስኮት አየ፤ በጨርቅ ተወትፏል። የበሩን ሥር አየ፤ ማዳበሪያ ተጎዝጉዞበታል። ሰሎሜ ልጃችንን አቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ እኔ የጓሮው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አማቴ «እኔ እኮ ነፋስ ነው ብዬ፤ እኔ እኮ ብርድ ነው ብዬ» እያሉ እጅጌውን እንደያዙ አለቀሱ።

ጋሽ አጵሎስ ይህን ሲሰሙ «አላልኩም?» ብለው ሰፈሩን በፊሽካ ያስጨንቁታል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ቢሉም ኖሮ ይገባቸው ነበር። አላሉም። በነጋታው ማለዳ በሬን አንኳኩና «ያንን ካውያ አትጠቀምበት» ብለውኝ ሄዱ። ከድጃም ጋ ሄደው እንደዚያው አሏት። ከዚያ በኋላ ቴስተሩ ከአንገታቸው ወረደ። ለካ ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን የቆረጧቸው ሽቦዎች ምን ምን አይተው እንደነበር እያሰቡ ነው። «አልሠራ አለ» ሲባል እየሰሙ «ለባለሙያ አሳዩት» ይላሉ። ሀይደር ጥሩምባውን ዱራሜ ወስዶ አሠራ፤ አሁን ወደ ቀኝም ይታጠፋል። ከድጃ ፍሪጅ ቀየረች፤ ለስላሳው እንደ በረዶ ነው። በቤተ ክርስቲያን ዝም ሲባል ዝም ነው። ሰፈሩ ሰላም ሆነ።

አስጠላኝ። ለዓመታት የተመኘሁት ሰላም ሲመጣ እንዲህ ይደብራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ቦይለሩ ይሠራል፤ ሰሎሜ ትዘፍናለች፤ ልጃችን ወፍራለች። ከአጥሩ በላይ ግን ኮሌታ ብቅ አይልም። በደጃቸው ሳልፍ ቱታቸውን ለብሰው ባዶ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ዝናቡን እያዩ ተቀምጠው አያቸዋለሁ። እኔ ይህን ሰው እወደዋለሁ ብዬ አላውቅም። አሁንም በፊታቸው አልልም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአባቴን ሬዲዮ ከመደርደሪያው አንስቼ በብብቴ ሥር አድርጌ ሄድኩ።

«ጋሽ አጵሎስ፣ ይሄ ነገር አልሠራ አለኝ።»

አላነሱትም። «ለባለሙያ አሳየው» አሉ። «እኔ አላውቀውም።»

«ሬዲዮ ነው እኮ» አልኳቸው። «ቢበዛ ዝም ይላል።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ማብሪያውን ጫን አደረጉት። ሬዲዮው ጥርት ባለ ድምፅ የአየር ሁኔታ ትንበያ አወራ፤ ለደቡብ ምዕራብ ከፍታማ ቦታዎች ዝናብ ይጠበቃል አለ። ሁለታችንም እስኪጨርስ አዳመጥነው። ሬዲዮው አሳፈረኝ።

«ይሠራል እኮ» አሉ።

«ይሠራል» አልኩ። «ግን ትንሽ አልከበደም?»

በእጃቸው አነሱት። መዘኑት። ነቅነቅ አድርገው በጆሯቸው ሰሙት። ለብዙ ሳምንት ያላየሁት ነገር ፊታቸው ላይ ሲመጣ አየሁ፤ እጃቸውም ቀስ ብሎ ወደ ግራ ካልሲያቸው ወረደ።

«ከብዷል» አሉ። «ትርፍ አለው። ቀላል ነው! ከፍተን እንየው።»

ሬዲዮው ከዚያን ቀን ወዲህ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ሦስት ብሎን ተርፏል። ጣሳዋ ስትንኳኳ ከአጥሩ ማዶ ተሰማን። ሰሎሜ ልጃችንን እያጠባች ነበር።

«ምን ሰጠሃቸው?» አለችኝ።

«ሬዲዮውን።»

«ተበላሽቶ ነው?»

«አይ፤ ደህና ነበር።»

ዓይኗን ወደ ግድግዳው አንስታ፣

«ሰዓቱም እኮ አለ» አለች።